መልስ፦ አንቴና ቆርቆሮ ላይ ሲለጠፍ ለምን ይደክማል?
ወንድሜ፣ የዋይፋይ አንቴናውን ቆርቆሮ ግድግዳ ላይ ለጥፌ ሲግናል ጠፋብኝ ላልከው፣ አንቴናህ አልተበላሸም። ብረት ሞገዱን ገልብጦ ነው የሚመልሰው። የተገለበጠው ከዋናው ጋር ሲገናኝ ይጠፋፋሉ። በዋይፋዩ 2.4 ጊጋኸርዝ ፍሪኩዌንሲ (የሞገድ ድግግሞሽ) ላይ የሞገዱ ርዝመት 12.5 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። የዚህን ሩብ፣ 3 ሴንቲሜትር ያህል፣ አንቴናውን ከቆርቆሮው አርቀው። ያኔ የሚመለሰው ሞገድ ከዋናው ጋር ስለሚገጥም ቆርቆሮው ጭራሽ አጋዥ ይሆንልሃል። እኔ እንጨት ቁራጭ ነው መሃል የማስገባው።

«የእንጉዳይ ገጽ» ምንድን ነው ላልከው ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1999 ተመራማሪው ሲቨንፓይፐርና ባልደረቦቹ ያስተዋወቁት፣ ከአንቴና ጀርባ የሚደረግ ልዩ ገጽ ነው። ሰርኪት ቦርድ ላይ የተደረደሩ ትንንሽ የብረት ጠፍጣፋዎች ናቸው፤ እያንዳንዳቸው በቀጭን እግር ከታችኛው ብረት ጋር ተያይዘዋል። ከጎን ስታያቸው ቁርጥ እንጉዳይ። ሞገዱን ሳይገለብጡ ስለሚመልሱት አንቴናው በጣም ተጠግቷቸው መሥራት ይችላል። ግን በተወሰነ ፍሪኩዌንሲ ብቻ። ላንተ እንጨቱ ይበቃሃል።