«ናፍጣ የወፍጮ ነው» ያልኩ ለት

ባለፈው ሰሞን ኮምቦልቻ ለሚሠለጥኑ ወጣት መካኒኮች ስለ ሞተር እንዳወራ ተጠርቼ ነበር። ስጨርስ ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ እጁን አወጣ። «ጋሼ፣ ፖርሽን የሚያህል የእሽቅድምድም መኪና የሚሠራ ድርጅት «ካየን» በሚባለው መኪናው ላይ የናፍጣ ሞተር መግጠሙ ስሙን ማርከስ አይሆንም?» አለኝ። ጓደኞቹ ሳቁ። የማውቀውን ያህል መለስኩለትና ወደ ደሴ ወጣሁ። ያን ሌሊት ግን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ለምን እንደሆነ ለእሱም፣ ምክር ጻፍልን ላላችሁኝ ለእናንተ ለወጣቶቹም ልጻፈው።

መጀመሪያ ለልጁ የሰጠሁትን መልስ ላስቀድም። የውጭውን ነገር ሳወራ ዓመቱን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ያዙልኝ። ካየን በ2002 ሲወጣ ገና ያን ጊዜ ብዙ ሰው ተንጫጭቷል። ዝቅ ያለች፣ ሁለት በር ያላት ፈጣን መኪና የሚሠራ ቤት እንዴት ትልቅ የዳገት መኪና ይሠራል ተባለ። በ2009 ደግሞ ናፍጣ ገባበት። ሞተሩ ከአውዲ የመጣ ነው። ባለ 3 ሊትር፣ ስድስት ሲሊንደር፣ 240 የፈረስ ጉልበት። የዚያን ጊዜው ባለ 3.6 ሊትር ቤንዚን ካየን 290 የፈረስ ጉልበት ነበረው። ልጁ የሚያየው እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ነው።

እኔ የማየው ሌላውን ቁጥር ነው። ቶርክ የምንለውን፣ ጎማውን የሚጠመዝዘውን ኃይል። ቤንዚኑ 385 ኒውተን ሜትር ነው፤ ናፍጣው 550። ያውም ሞተሩ ገና በደቂቃ 2,000 ዙር ሲዞር። መኪናው ከሁለት ቶን በላይ ይመዝናል። ከኮምቦልቻ ደሴ ያለውን ዳገት አስቡት። በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ከ600 ሜትር በላይ ሽቅብ ነው። እዚያ ላይ ሞተር ሳይጮህ፣ ማርሽ ሳይቀያየር ቀስ ብሎ የሚያወጣችሁ ቶርክ ነው። ፍጆታውም በወረቀት ላይ ለ100 ኪሎ ሜትር 9.3 ሊትር ነው፤ ታንከሩ 100 ሊትር ይይዛል። ደሴ ሞልቶ የተነሣ ሰው 400 ኪሎ ሜትሩን አዲስ አበባ ደርሶ ሳይቀዳ ይመለሳል ማለት ነው። የጣርማ በር ዳገት ትንሽ ቢቀንስበትም።

ስሙን በተመለከተም ነገርኩት። ከ1956 እስከ 1963 ጀርመን ውስጥ በፖርሽ ስም የናፍጣ ትራክተሮች ይሠሩ ነበር። ቀይ ቀለም የተቀቡ፣ ገበሬ የሚያርስባቸው። ፖርሽና ናፍጣ መጀመሪያ የተዋወቁት እርሻ ላይ ነው። ልጁ ይህን አያውቅም ነበር። የዛሬ ልጆች ነክተውት ስለማያውቁት መኪና ስልክ ላይ ሲከራከሩ ያመሻሉ። ፍጥነቱን በሴኮንድ ክፍልፋይ ይነግሩሃል። የናፍጣ ፊልትሮ የት እንደሚገኝ ጠይቃቸው፣ ዝም ነው። ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ግን እውነት ነው።

ለልጁ ያልነገርኩት አንድ ነገር አለ። በእሱ ዕድሜ እኔም ልክ እንደ እሱ ነበርኩ።

ጋራዣችን ደሴ ሸዋ በር አካባቢ ነበር። አለቃችንን ሐጂ እንላቸዋለን። እኔ የካርቡራተር፣ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ዕቃ፣ ልጅ ነበርኩ። ፔጆ 404 ወይም ፊያት 124 ሲገባ የምጠራው እኔ ነኝ። ሚኒሞውን፣ መኪናው ቆሞ ሞተሩ የሚዞርበትን ፍጥነት፣ በጆሮዬ ብቻ አስተካክላለሁ። ከዚያ ሳንቲም በጠርዙ ሞተሩ ላይ አቆማለሁ። ሞተሩ እየሠራ ሳንቲሙ አይወድቅም። ባለመኪናው ይገረማል፣ እኔ ደረቴን እነፋለሁ። እጄ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል፣ እሱም ለእኔ ሽቶ ነበር።

በ1975 ዓ.ም. ክረምት ሐጂ ጠሩኝና ሻይ አዘዙልኝ። «ኮምቦልቻ የናፍጣ ፓምፕ አሳምሮ የሚያውቅ ወዳጅ አለኝ። ስድስት ወር ይዞ ያስተምርሃል። ደሞዝህን አልቆርጥም። መንገዱን የሞላው የጭነት መኪና ነው፣ ናፍጣ ተማር» አሉኝ። ደሞዝ ሳይቆረጥ! ዛሬ እንዲህ የሚል አሠሪ ፈልጋችሁ አምጡልኝ።

«ሐጂ፣ ናፍጣ የወፍጮ ነው። እኔ የቤንዚን ልጅ ነኝ» አልኳቸው።

ዝም አሉ። ሻያቸውን ጨረሱ። «አብሽር፣ እንዳልክ» ብለው ተነሡ። በእኔ ፋንታ ሌላ ልጅ ላኩ።

ወፍጮ ያልኩት ያለ ነገር አይደለም። ልጅ ሆኜ እናቴን ተከትዬ ወፍጮ ቤት እሄድ ነበር። የሞተሩ ቱክ ቱክ ከሩቅ ይሰማል። እናቴ ድምፁን ስትሰማ «እሰይ፣ ዛሬ ይሠራል» ብላ እርምጃዋን ታፈጥናለች። ካልተሰማ እህሉን አዝላ ትመለሳለች፣ ወይም በድንጋይ ወፍጮ ተንበርክካ ታድራለች። እኔ የማስታውሰው ግን ሽታውን ነበር። ዱቄቱ ሳይቀር ናፍጣ ናፍጣ ይለኝ ነበር። የእናቴን ወገብ ያሳረፈውን ሞተር በሽታው ንቄው አደግኩ።

ኅዳር 1977 ዓ.ም. ነው። የዚያን ዓመት ወሎ እንዴት እንደነበረች ወላጆቻችሁን ጠይቁ። እኔ እዚህ አልዘረዝረውም። ሐጂ ዕቃ ሊገዙ አዲስ አበባ ሄደዋል። ፓምፕ የተማረው ልጅ አሰብ ሥራ አግኝቶ ጥሎን ሄዷል። ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ልንዘጋ ስንል አንድ ሹፌር በሰው መኪና ተጭኖ መጣ። ፊቱ አቧራ ብቻ ነው። እህል የጫነ ኤንትሬ የጭነት መኪና ከነተሳቢው ሐይቅን አለፍ ብሎ፣ ውጫሌ ሳይደርስ ዳገት ላይ ቆሞበታል።

«የናፍጣ ሰው አለ?» አለ።

«አለ» አልኩ።

ያቺን አንዲት ቃል እስከ ዛሬ መልሼ ብውጣት ደስ ይለኛል። ረዳቶቹ ልጆች ያዩኛል። እነሱ ፊት «አላውቅም» ማለት ሞት መሰለኝ።

ደረስን። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ሹፌሩ ባትሪ ያበራልኛል። ሞተሩ ይዞራል፣ ግን አይነሣም። ቤንዚን ቢሆን ካንዴላውን፣ ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለውን፣ ፈትቼ እሳቱን አያለሁ። ናፍጣ ካንዴላ የለውም። አየሩን አምቆ አምቆ በሚፈጠረው ሙቀት ነው ናፍጣው የሚቀጣጠለው። ይህን በቃል አውቀዋለሁ። እጄ ግን ካንዴላ ፍለጋ ይሄዳል። ምን እንደማደርግ ጠፋኝ። አንድ ነገር የማውቅ ለመምሰል ናፍጣውን ወደ ሲሊንደሮቹ የሚገፋውን የፓምፑን ራስ መፍታት ጀመርኩ። አንዱን ስፈታው ከውስጡ ትንሽ ሞላ ተስፈንጥራ ወጣች። የእርሳስ ጫፍ የምታህል ሞላ። ድንጋይ ላይ ጠብ ስትል ሰማኋት። ከዚያ የለችም።

እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት በእጅና በጉልበቴ እየዳኸሁ ፈለግኳት። ሹፌሩ አንድ ክፉ ቃል አልተናገረኝም። ጋቢውን አምጥቶ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገልኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሲነጋ ከወልድያ ባዶውን የሚመለስ ሌላ የጭነት መኪና ቆመ። ሹፌሩ ሽማግሌ ናቸው። «ናፍጣው ወርዶ ነበር እንዴ?» ብለው ጠየቁ። ሹፌራችን አዎ አላቸው፤ ታንከሩ ታች ደርሶ ነበር፣ ከቆመ በኋላ በጀሪካን ጨምሮበታል። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። «አየር ይዟል እኮ። ፊልትሮው ላይ ያለችውን ቡሎን ላላ አድርጎ በእጅ ፓምፑ አረፋውን ማስወጣት ነው። የሩብ ሰዓት ሥራ ነው» አሉና ጎንበስ ሲሉ የተፈታውን ፓምፕ አዩ። ቀና ብለው እኔን አዩኝ። ምንም አላሉም።

ባልነካው ኖሮ በዚያች ሩብ ሰዓት ይነሣ ነበር። አሁን ግን ሞላዋ ከኮምቦልቻ መምጣት አለባት። ሽማግሌው ሹፌራችንን ይዘውት ሄዱ። እኔ እህሉን ልጠብቅ ከረዳቱ ጋር ቀረሁ።

ፀሐይ ሞቅ ሲል ሰዎች ወደ መንገዱ ወረዱ። አንዲት እናት ልጅ አዝላ መጣችና የኋላውን ጎማ ተደግፋ ተቀመጠች። እህል ስጡኝ አላለችም። እኛም በወረቀት ተቆጥሮ የታሸገ ነገር መክፈት አንችልም ነበር። ረዳቱ የነበረችንን ቁራሽ ዳቦ ሰጣት። ለልጇ አላመጠችለት። ቆየት ብላ «ልጄ፣ ይሄ መኪና መቼ ነው የሚነሣው?» አለችኝ።

«አሁን ነው እናቴ» አልኳት።

እንደገና ዋሸሁ። እኩለ ቀን ላይ ተነሥታ ልጇን አዘለችና በእግሯ ወደ ውጫሌ አቅጣጫ ሄደች። መኪናው የተነሣው ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ነው። ሹፌሩ መንገድ ላይ አግኝቷት ጭኗት እንደሆነ ልጠይቀው ነበር። ከዚያ ወዲያ አላገኘሁትም።

ሐጂ ሲመለሱ ሁሉንም ነገርኳቸው። አልተቆጡም። «ነገ ኮምቦልቻ ትወርዳለህ» ብቻ አሉኝ። ወረድኩ። ከዚያ ወዲህ ልጆቼን ያሳደግኩት በናፍጣ ነው።

እንግዲህ ምክር ጻፍ ስትሉኝ በሰዓታችሁ ተገኙ፣ አትስከሩ የሚለውን አልነግራችሁም። እሱን ቤታችሁ ነግረዋችኋል። እኔ የምለው የወደዳችሁት ነገር ሌላውን እንዳያስንቃችሁ ነው። ወዲያው ደግሞ ልቤ ሌላ ይለኛል። ካርቡራተርን ያን ያህል ባልወድ ኖሮ ጆሮዬ ባልተሳለ ነበር። ኋላ ናፍጣውን የሚረጨው የኖዝል ማንኳኳት ከየትኛው ሲሊንደር እንደሚመጣ የለየሁት በዚያው ጆሮ ነው። ስለዚህ የምትወዱትን አትልቀቁ። የማትወዱትንም ተማሩ። ሁለቱ እንዴት አብረው እንደሚሄዱ በደንብ ማስረዳት አልችልም። እኔ ሁለቱንም ፈልጌያቸዋለሁ።

ኮምፒውተር ሰክታችሁ ኮድ አንብባችሁ ዕቃ የምትቀይሩትን ሳይ እናደዳለሁ። ማዳመጥ የት ሄደ? በሌላ በኩል እናንተ የማታውቁትን ፊት ለፊት ትጠይቃላችሁ። ያ ልጅ ጓደኞቹ እየሳቁ ጠየቀኝ። እኔ በእሱ ዕድሜ ያን አንጀት አልነበረኝም።

ልጁ አንድ ነገር ላይ ትክክል ነው። የካየን ናፍጣ ታሪክ መጨረሻው አላማረም። በ2015 የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት የቮልስዋገንን ቤተሰብ የናፍጣ መኪኖች ያዘ። ባለ 3 ሊትሩ ካየንም ከነሱ ጋር ተቆጠረ። ሶፍትዌሩ ምርመራ ላይ ጭሱን ንጹሕ ያስመስላል፣ መንገድ ላይ ግን ናይትሮጅን ኦክሳይዱ ከተፈቀደው በላይ ነው። ፖርሽ በ2018 ናፍጣን ጨርሶ ተወ። በ2019 ጀርመን ውስጥ 535 ሚሊዮን ዩሮ ተቀጣ። ናፍጣ መግጠማቸው አላሳፈረኝም። ንጹሕ ነው ወይ ሲባሉ «አዎ» ማለታቸው ነው ያመመኝ። ያቺን የኔን «አለ» አስታወሰችኝ። ያን ሌሊት እንቅልፍ የነሣኝም ይኸው ነው።

አሁን ደግሞ ነገሩ ተገልብጧል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከለከለ። ባለፈው ወር ጋራዤ አንድ የኤሌክትሪክ መኪና ገባ። ኮፈኑን ከፈትኩት። ሞተር የሚመስል ነገር የለም፤ ወፋፍራም ብርቱካናማ ሽቦ ብቻ። «ይሄ የልጅ መጫወቻ ነው» ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ባለመኪናው «ጋሼ፣ ይሠራሉ?» አለኝ። «አላውቅም። የሚያውቅ ልጅ ፈልጌ እደውልልሃለሁ» አልኩት።

አንተ የጠየቅከኝ ልጅ፣ ስለ ባትሪ መኪና መማር ጀምሬያለሁ ብለኸኝ ነበር። መኪናው ገና ጋራዥ ውስጥ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ና፣ ሻዩ በእኔ ነው። የኤሌክትሪክ መከላከያ የጎማ ጓንት ካለህ ሁለት ይዘህ ውጣ፣ አንዱ ለእኔ ነው።