የኦርጋን ጥያቄና መልስ፦ ግራ እጅ ቤቱን ሲቀይረው

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። እንጀራዬ ሌላ ሥራ ነው፤ ኦርጋን የማታና የቅዳሜ ነገር ነው። ሠርግ ላይም ሰፈር ውስጥም አሥራ ምናምን ዓመት ተጫውቻለሁ። ሙዚቃ ትምህርት ቤት ግን አልገባሁም። ስለዚህ ጣቴ የሚያውቀውን ያህል እመልሳለሁ።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንስማማ። «ዶ» የምለው ከሁለቱ ጥቁሮች በስተግራ ያለችውን ነጭ ነው። ስክሪኑ ላይ በእንግሊዝኛው «ሲ» የምትባለው እሷ ናት። የኔ «ሲ» ደግሞ ከዶ በፊት ያለችው ነጭ ናት። በዚህች ነገር ስንት ሰው ልምምድ ላይ ተኮራርፏል መሰላችሁ።

ከኮዬ ፈጬ፦ ሦስት ወር ሆነኝ። ዶ ሜጀር፣ ላ ማይነር፣ ፋ ሜጀር፣ ሶል ሜጀር አውቃለሁ። ግን ከአንዱ ወደ ሌላው ስሄድ እጄ ይዘላል፤ ምቱ ያመልጠኛል።

ሁሉንም ኮርድ፣ ማለት አብረህ የምትጫናቸውን ሦስት ድምፆች፣ ከስሙ ስለምትጀምር ነው። እንዲህ ሞክር። ሶል-ዶ-ሚ ያዝ። ይሄ ያው ዶ ሜጀር ነው፣ ተገልብጦ። አሁን ሶልን ብቻ ወደ ላ ውሰዳት፤ ላ-ዶ-ሚ፣ ላ ማይነር ሆነልህ። ሁለቱ ጣቶችህ ንቅንቅ አላሉም። ቀጥለህ ሚን ብቻ ወደ ፋ፤ ላ-ዶ-ፋ፣ ፋ ሜጀር። ከዚያ ሦስቱንም ዝቅ አድርጋቸው፤ ሶል-ሲ-ሬ። ወደ ዶ ስትመለስ ሶል እዚያው እየጠበቀችህ ነው። እጅህ ከአንድ ስንዝር አይወጣም። አንድ ሳምንት ይህንን ብቻ፣ በዝግታ፣ በእግርህ እየቆጠርክ።

ከለገጣፎ፦ መዘምራን ውስጥ ነው የምጫወተው። ዘማሪዋ ቶን፣ ማለት መዝሙሩ ቤት የሚያደርገውን ድምፅ፣ ሳትነግረኝ ዘው ብላ ትጀምራለች። እኔ ስፈላልግ መዝሙሩ ያልቃል።

አይ እህቴ፣ ይሄ የሁላችንም ጣጣ ነው። የጀመረችባትን ድምፅ አትከተያት፤ ታታልላለች። ስንኙ ሲያልቅ የምታርፍበትን ጠብቂ። እሱን በአፍሽ «እምም» እያልሽ ያዢውና በግራ እጅሽ ባሱ ላይ፣ በወፍራሞቹ ድምፆች በኩል፣ ፈልጊው። እስክታገኚው ቀኝ እጅሽ ጭንሽ ላይ ይቀመጥ። አንድ ስንኝ ዝም ማለት አያሳፍርም፤ ጉባኤ ፊት ስትፈልጊ መሰማት ነው የሚያሳፍረው።

ትራንስፖዝ፣ ያው ጣትሽ ሳይለወጥ ቶኑን ከፍ ዝቅ የሚያደርገውን ቁልፍ፣ መጠቀም ነውር ነው የሚሉ አሉ። እኔ እጠቀማለሁ። ብቻ ወደ ዜሮ መመለሱን እንዳትረሺ። አንዴ ሱሉልታ የሠርግ ድንኳን ውስጥ ረስቼው፣ ሙሽሮቹ ሲገቡ ቤዝ ጊታሩ በአንድ ቶን እኔ በሌላ ቶን ተነሳን። ቪዲዮው እስካሁን አለ።

ከሰበታ፦ ትዝታ ላይ ኮርድ ስጭን አንዳንዱ ይጎረብጣል። ኮርዱ ግን ትክክል ነው። ለምን?

ኮርዱ ትክክል ነው፤ ቅኝቱ፣ ማለት ዜማው የተሠራባቸው አምስት ድምፆች፣ ግን አያውቁትም። ትዝታ ሜጀር ዶ-ሬ-ሚ-ሶል-ላ ነው። ፋ የለችም፣ ሲ የለችም። ከአምስቱ ድምፆች ብቻ ሙሉ ሆነው የሚወጡት ሜጀርና ማይነር ኮርዶች ሁለት ናቸው፤ ዶ ሜጀርና ላ ማይነር። ፋ ሜጀር ስትጫን ፋን ከውጭ ታመጣለህ። ዘፋኙ ሚ ላይ ተኝቶ ከሆነ ፋና ሚ ይፋጫሉ። ሶል ሜጀር ደግሞ ሲን ያመጣል፤ እሷ ከዶ ጋር ትጣላለች።

አትጫን ማለቴ አይደለም። ሁሉም ይጫወተዋል፣ እኔም። ግን ዘፋኙ የት ላይ እንደቆመ ስማ። ላ ወይም ዶ ላይ ካለ ፋ ሜጀር ያምራል። ሶል ሜጀር ላይ የመሀሏን ሲ አውጣትና ሶልና ሬን ብቻ ያዝ። ባዶ ይመስልሃል። ያ ባዶነት ነው ክራር ክራር የሚሸተው።

ከዚያው ከሰበታ፦ ትዝታ ማይነርና አምባሰል አንድ ናቸው የሚለኝ ሰው አለ። እውነት ነው?

ግማሽ እውነት ነው። ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር።

ትዝታ ማይነርን ከላ ጀምረህ ተጫወት፤ ላ-ሲ-ዶ-ሚ-ፋ። አሁን አምባሰልን ከሚ ጀምር፤ ሚ-ፋ-ላ-ሲ-ዶ። እያቸው። ያው አምስት ነጭ ቁልፎች ናቸው! የተለወጠው ቤቱ ነው፣ ማለት ዜማው ደክሞት የሚገባበት።

አሁን ግራ እጅህን አምጣ። ባስ ላይ ላና ሚን አንድ ላይ ያዝና በቀኝህ በአምስቱ ድምፆች እንዳሻህ ተንቀሳቀስ። ትዝታ ነው። ቀኝህን ሳትለውጥ ግራህን ወደ ሚና ሲ አዙር። ወዲያው አምባሰል ይሆናል። እኔ መጀመሪያ የሰማሁት ቀን ቁልፎቹን እንደገና ቆጥሬያለሁ።

ብዙ ጀማሪ አምባሰል የሚበላሽበትም እዚህ ጋ ነው። ልጁ በቀኝ እጁ አምባሰል ይጫወታል፣ በግራው ልማድ ሆኖበት ላ ማይነር ይጭናል። ዘፋኙ ግራ ይገባዋል፤ ቤቱን ወስደውበታላ። ሚ ሜጀር መጫንም አይሆንም። ሶል ሻርፕን (ከሶል በስተቀኝ ያለችውን ጥቁር) ይዞ ይመጣል፣ ቅኝቱ ውስጥ የለችም። ሚና ሲ ይበቃሉ።

ዶ-ሬ-ሚ-ሶል-ላም እንዲሁ ነው። ዶ ላይ ካረፈ ትዝታ ሜጀር፣ ላ ላይ ካረፈ ባቲ ማይነር።

ከአያት፦ አንቺ ሆዬ ላይስ ምን ኮርድ ልያዝ?

ምንም። ዶ፣ ሬ ፍላት (ከሬ በስተግራ ያለችው ጥቁር)፣ ፋ፣ ሶል ፍላት (ከሶል በስተግራ ያለችው ጥቁር)፣ ላ ነው። የዶ ጓደኛ የሆነችው ሶል ራሷ የለችም፤ ዶ ሜጀርም ዶ ማይነርም አይሠራም። ዶን ብቻዋን ታች ያዝና ቀኝ እጅህ ይናገር።

ከሱሉልታ፦ ሶሎ ስጫወት ስኬል፣ ማለት ድምፆቹን በተራ መውጣትና መውረድ፣ የምለማመድ ነው የሚመስለው። ከየት ነው ሐሳብ የሚመጣው?

ከጉሮሮ። ቀልዴን አይደለም። አፍህ ያልዘፈነውን ጣትህ አይጫወት። ጣት ወደለመደው ነው የሚሄደው፤ ጉሮሮ ግን ይደክመዋል፣ ይተነፍሳል። ሶሎህ የጎደለው ትንፋሽ ነው።

ልምምዱ ይኸው። ግራህ ላና ሚን ይዞ ይቆይ። በቀኝህ ሦስት ድምፅ ብቻ ተፈቅዶልሃል፤ ላ፣ ሲ፣ ዶ። አንድ አጭር ነገር አዜም፣ ከዚያ ራሱን ተጫወተው። ቀጥሎ ያንኑ ያህል ጊዜ ዝም በል። ዝምታው ያስጨንቃል፤ ታገሠው። ከዚያ ለራስህ መልስ ስጥ፤ ጥያቄው ዶ ላይ ከቆመ መልሱ ላ ላይ ይረፍ። አዝማሪ ግጥሙን ጥሎ ማሲንቆው ሲመልስለት ሰምተህ የለ? እሱን ነው የምትሰርቀው። አራተኛዋን ድምፅ ሦስቱ ሲሰለቹህ ጨምር፣ ከዚያ በፊት አይደለም።

ስታይሉንም አጥፋው። የማሽኑ ከበሮ ሲመታ ሁሉም ሶሎ ጥሩ ይመስላል። ችክችካ ከፈለግህ በእግርህ ስድስት ቁጠር፣ አንድና አራት ላይ መሬቱን ምታ።

ከአንድ ጡረተኛ፦ 64 ዓመቴ ነው። ጣቶቼ እሺ ይሉኛል ብለህ ነው?

ጋሼ፣ ለፍጥነት ትንሽ ያስቸግሩዎታል፣ አልዋሽዎትም። ለትዝታ ግን ፍጥነት ምን ያደርጋል? እርስዎ ዜማዎቹን ለዘመናት ሲያንጎራጉሩ ኖረዋል፤ የሰፈራችን ወጣት ገና ያንን ይፈልጋል። በአንድ ጣት ዜማውን፣ በግራ ባሱን ብቻ ይጀምሩ።

ከገላን፦ መብራት እየጠፋ ተቸገርኩ።

ከኪቦርድህ ሆድ ሥር የድንጋይ ቤት ካለ እየው። አብዛኛው ባለ 61 ቁልፍ የጀማሪ ኪቦርድ ስድስት ድንጋይ ይወስዳል። የዋልያስ ባንዱ የኦርጋን ተጫዋች ኃይሉ መርጊያ ዋሽንግተን ታክሲ ሲነዳ በድንጋይ የሚሠራ ኪቦርድ ከመኪናው ኋላ ይዞ፣ ተሳፋሪ እስኪመጣ ይለማመድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 የድሮ ሥራው እንደገና ሲታተም ጣቱ ዝግጁ ነበር።

ከቱሉ ዲምቱ፦ እኔ ተጫዋች አይደለሁም። ከኔ በላይ ያለው ፎቅ ላይ አንድ ሰው ከማታ ሁለት ሰዓት እስከ አራት ሰዓት ያንኑ ያንኑ ይቀጠቅጣል። ምን ልበለው?

እትዬ፣ ስንተኛ ፎቅ ነው ያሉት? ... ገባኝ። ይቅርታ ያድርጉልኝ። ነገ ማዳመጫ እገዛለሁ።