ለቸኮለ ጠዋት የሚበቃ ውበት፦ ጥያቄና መልስ

ሙያዬ ሰው ማስዋብ ነው። ሙሽሮችንና ተዋንያንን ለሰዓታት አስቀምጬ እሠራለሁ፤ የራሴ ጠዋት ግን ከ10 ደቂቃ አይበልጥም። ስለዚሁ አጭር የጠዋት ልማዴና ስለምወዳቸው ምርቶች የደረሱኝን ጥያቄዎች ከዚህ በታች መልሻለሁ። የምርት ስም የምጠራው ስለምጠቀምበት ብቻ ነው፤ ከፋይ የለኝም። የእናንተ ቆዳ የእኔ ስላልሆነ ከስሙ ይልቅ በውስጡ ያለውን ተመልከቱ።

ጥያቄ፦ እስኪ ከመነሻው ጀምረሽ ንገሪን፤ ጠዋት ፊትሽን ምን ምን ትቀቢያለሽ?

መልስ፦ ፊቴን ለብ ባለ ውሃ ብቻ እታጠባለሁ። ቆዳዬ ደረቅ ስለሆነ ሌሊቱን ያጠራቀመውን ጥቂት ወዝ በሳሙና ጠርጌ ማውጣት አልፈልግም። ወዛም ቆዳ ያላችሁ ግን ጠዋትም በለስላሳ የፊት መታጠቢያ ብትታጠቡ ይሻላል። ፊቴ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ የሴራቬን ክሬም በስሱ እቀባለሁ፤ ሴራማይድ የሚባለው፣ በቆዳችን ውስጥም ያለው የስብ ዓይነት ስላለበት እርጥበቱን ይይዝልኛል። ቀጥሎ የፀሐይ መከላከያ። እርሱ እስኪረጋ ድረስ ልብሴን እለብሳለሁ። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ቀላል ነው፦ ከዓይን ስር ኮንሲለር (ጥቁረት የሚሸፍን ቀለም)፣ ቅንድብ ማበጠር፣ ማስካራ፣ የከንፈር ቀለም። ከከንፈሬ የተረፈውን ቀለም በጣቴ ጉንጬ ላይ አዳርሰዋለሁ። ፋውንዴሽን፣ ማለትም ፊት ሙሉ የሚቀባውን የቆዳ ቀለም፣ በአዘቦት ቀን አልነካም።

ጥያቄ፦ ጥቁር ነኝ፤ የፀሐይ መከላከያ ለነጮች አይደለም እንዴ?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ከየአቅጣጫው ስለምሰማው ረዘም አድርጌ ልመልስ። ጥቁር ቆዳ ውስጥ ያለው ሜላኒን የሚባለው የቆዳ ቀለም በተወሰነ ደረጃ ከፀሐይ ይከላከላል፤ ቶሎ አንቃጠልም፣ ለቆዳ ካንሰርም ያለን ተጋላጭነት ዝቅተኛ ነው። ነገር ግን ብዙዎቻችሁ የምትጽፉልኝ ስለ መቃጠል ሳይሆን ስለ ማድያትና ብጉር ጥሎት ስለሚሄደው ጥቁር ነጥብ ነው። እነዚህን የሚያባብሰው ዋናው ነገር ብርሃን ነው። በዓይን የማይታየው የፀሐይ ጨረር (አልትራቫዮሌት) ብቻ አይደለም፤ በዓይን የምናየው ብርሃን ራሱ ጥቁር ቆዳን ያጠቁራል፤ ተራው የፀሐይ መከላከያ ደግሞ ይህን እምብዛም አይመልሰውም። የሚመልሰው አይረን ኦክሳይድ የሚባለው ማቅለሚያ ነው፤ የሚገኘውም ቀለም ባላቸው የፀሐይ መከላከያዎች ውስጥ ነው። ስለዚህ ማድያት ያለባችሁ ቀለም ያለውን ምረጡ፤ ፋውንዴሽኑንም በዚያው ትገላገላላችሁ።

ቁጥሩን በተመለከተ፣ ኤስፒኤፍ (የፀሐይ መከላከያ አቅም መለኪያ) 30 የሆነው ቆዳ ከሚያቃጥለው የዩቪቢ ጨረር 97 በመቶ ያህሉን፣ 50 የሆነው ደግሞ 98 በመቶ ያህሉን ያስቀራል። ልዩነቱ ትንሽ ነው። ትልቁ ልዩነት የሚመጣው ከመጠኑ ነው፤ ለፊትና ለአንገት በሌባ ጣትና በመሐል ጣት ሙሉ ርዝመት የተዘረጋ ያህል ያስፈልጋል። ውጭ የምትውሉ ከሆነ በየሁለት ሰዓቱ ድገሙት።

ጥያቄ፦ ኤስፒኤፍ ያለው ፓውደር እጠቀማለሁ፤ አይበቃም?

መልስ፦ አይበቃም። በማሸጊያው ላይ የተጻፈው ቁጥር የሚለካው በአንድ ስኩዌር ሴንቲ ሜትር ቆዳ ላይ 2 ሚሊ ግራም ተቀብቶ ነው። ያን ያህል ፓውደር ፊቱን ቀብቶ ከቤት የሚወጣ ሰው አላየሁም።

ጥያቄ፦ የፀሐይ መከላከያው ላይ ሜካፕ ስቀባ እየተጠቀለለ ይረግፍብኛል። እህቴ፣ መላ በይኝ።

መልስ፦ ያ እንደ ላጲስ ፍርፋሪ የሚንከባለለው ነገር አብዛኛውን ጊዜ የመቸኮል ውጤት ነው። የታችኛው ሳይደርቅ የላይኛው ይደረብበታል፤ በዚያ ላይ ይታሻል። አንደኛ፣ ከስር የምትቀቢያቸውን ቀንሺ፤ ሴረም፣ ክሬም፣ ፕራይመር (ከሜካፕ በፊት የሚቀባ ማለስለሻ) እያሉ መከመር ለጠዋት አይሆንም። ሁለተኛ፣ ከፀሐይ መከላከያው በኋላ ጥቂት ደቂቃ ታገሺ። ሦስተኛ፣ ሜካፑን አትሺው፤ በእርጥብ ስፖንጅ ወይም በጣት እየተጫንሽ አስቀምጪው። ይህም ሆኖ ከረገፈ ሁለቱ ምርቶች አይስማሙምና አንዱን ቀይሪ።

ጥያቄ፦ ከዓይኔ ስር ኮንሲለር ስቀባ እኩለ ቀን ላይ ይሰነጣጠቃል፤ ፎቶ ላይ ደግሞ አመዳማ እሆናለሁ።

መልስ፦ ሁለት የተለያዩ ችግሮች ናቸው። መሰንጠቁ ከብዛት ነው። ብዙ ሰው ከዓይኑ ስር ትልቅ ሦስት ማዕዘን ሠርቶ እስከ ጉንጩ ድረስ ይሞላል። እኔ የማኖረው ሁለት ነጥብ ብቻ ነው፤ አንዱን በአፍንጫ በኩል ባለው የዓይን ጥግ፣ ጥቁረቱ ጠልቆ በሚታይበት ቦታ፤ ሌላውን በውጭኛው ጥግ፣ ትንሽ ወደ ላይ ከፍ አድርጌ። ለግማሽ ደቂቃ ያህል ሳልነካው እቆያለሁ። ጠጠር ማለት ሲጀምር በቀለበት ጣቴ ጠርዙን ብቻ ነካ ነካ አድርጌ አዋህደዋለሁ፤ መሐሉ ባለበት ይቆያል። ከዚያ ወደ ላይ እመለከትና መስመር ውስጥ የገባውን በጣቴ ጫፍ አነሳዋለሁ። ፓውደር የምነሰንሰው ከዚህ በኋላ ነው፤ ያውም እጅግ ጥቂት። የናርስን ራዲያንት ክሪሚ ኮንሲለር ለዚህ ሥራ እወደዋለሁ፤ ትንሹ ብዙ ይሸፍናል።

አመዳማነቱ ግን የቀለም ጉዳይ ነው። ጥቁረቱ ወደ ሰማያዊ ወይም ወደ ግራጫ ያደላ ከሆነ ከቆዳሽ የነጣ ኮንሲለር ሲያርፍበት አመድ ነስንሰሽ የወጣሽ ያስመስልሻል። በቅድሚያ ብርቱካናማ ማረሚያ ቅቢ፤ ቀላ ላለ ቆዳ ደግሞ የኮክ ቀለም ያለው ይበቃል። ማረሚያው ከተቀባ የሚያስፈልግሽ ኮንሲለር በግማሽ ይቀንሳል።

ጥያቄ፦ የፋውንዴሽን ቀለሜን እንዴት ልምረጥ? እጄ ላይ ስሞክረው ልክ ይሆናል፤ ፊቴ ላይ ግን ሌላ ነው።

መልስ፦ እጅ ስለ ፊት አይመሰክርም። መንጋጋሽ ላይ፣ ወደ አንገት በሚወርደው መስመር ሦስት ተቀራራቢ ቀለሞች አስምሪና ወደ ቀን ብርሃን ውጪ። አንዳንዱ ከደረቀ በኋላ ስለሚጠቁር ወዲያው አትወስኚ። ለጥቁር ቆዳ የሚሆን ቀለም ማግኘት ድሮ ጭንቅ ነበር፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2017 የፌንቲ ቢዩቲ ፋውንዴሽን በ40 ዓይነት ቀለም ከወጣ ወዲህ ሌሎቹም እየተከተሉ ምርጫው ሰፍቷል።

ጥያቄ፦ ማድያቴን ለማጥፋት በአጭር ጊዜ የሚያቀላ ክሬም ሰጡኝ። ፊቴ ቀልቷል፤ ግን ሳቆም ይብሳል።

መልስ፦ እዚህ ላይ ቀልድ የለም። ስትጠቀሚው በፍጥነት የሚያቀላ፣ ሲቆም የሚብስ ክሬም ብዙ ጊዜ በውስጡ ጠንካራ ስቴሮይድ (በሐኪም ትእዛዝ የሚሰጥ የቆዳ መድኃኒት) አለበት፤ ቤታሜታዞን ወይም ክሎቤታሶል የሚል ጽሑፍ ካየሽ እርሱ ነው። ቆዳ ያሳሳል፣ የደም ሥር ያወጣል፣ ብጉር ያፈላል። ሌላው አደጋ ሜርኩሪ ነው፤ ኩላሊትንና ነርቭን ይጎዳል፣ ከአንቺ አልፎ አብሮሽ ለሚኖር ሕፃንም ይተርፋል። በማሸጊያው ላይ ብዙ ጊዜ አይጻፍም። «ከወርቅ፣ ከብር ወይም ከአሉሚኒየም ጋር አይነካካ» የሚል ማስጠንቀቂያ ካለበት ግን ጠርጥሪ። በቀጥታ ወደ ቆዳ ሐኪም ሂጂ፤ ክሬሙንም ይዘሽ ሂጂ። ስቴሮይድ ከሆነ ማቆሙ ራሱ የሐኪም ክትትል ያስፈልገዋል።

ለማድያት ቀስ ብሎ የሚሠራው ይሻላል፤ ቀለም ያለው የፀሐይ መከላከያ በየቀኑ፣ ማታ ማታ ጥቁረትን ቀስ በቀስ የሚያደበዝዘው አዜላይክ አሲድ። ለውጡ የሚታየው በወራት ነው። በእርግዝና የመጣ ከሆነ ደግሞ ከወሊድ በኋላ በራሱ ሊደበዝዝ ስለሚችል አትጨነቂ።

ጥያቄ፦ ቫይታሚን ሲ፣ ናያሲናማይድ፣ ሬቲኖል፣ ሳሊሲሊክ አሲድ ገዝቻለሁ። ሁሉንም በአንድ ላይ ልቀባ?

መልስ፦ ገንዘብሽን አውጥተሻል፤ ፊትሽን እንኳ አትርፊ። በአንድ ጊዜ አንድ ብቻ ጀምሪ፤ ቢያሳክክሽ ጥፋተኛው ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ። ናያሲናማይድ ገር ነው፤ ጠዋትም ማታም ይሆናል። ሬቲኖል ለማታ ነው፤ በሳምንት ሁለት ሌሊት ጀምሪ፤ ነፍሰ ጡር ከሆንሽ ግን አትንኪው። ሳሊሲሊክ አሲድ በወዝ ውስጥ ስለሚሟሟ ለተደፈነ ቀዳዳ ጥሩ ነው፤ ሬቲኖል በምትቀቢበት ሌሊት ግን እረፍት ስጪው። ቫይታሚን ሲው ወደ ቡናማ ከተለወጠ ተበላሽቷልና ጣይው። ደረቅ ቆዳ ካለሽ አራቱም ባይኖሩ ምንም አይጎድልብሽም።

ጥያቄ፦ ወንድ ነኝ፤ ሜካፕ አልቀባም። ከተላጨሁ በኋላ አንገቴ ላይ እብጠት ይወጣል፤ እኔስ መልስ አለኝ?

መልስ፦ አለህ፣ ወንድሜ። ጸጉርህ ጥቅልል ከሆነ ከሥሩ ሲላጭ ጫፉ ተመልሶ ቆዳ ውስጥ ይገባል። ከሥሩ አትላጭ፤ በማሽን አሳጥረው። ምላጭ የግድ ከሆነ ከታጠብህ በኋላ፣ ጸጉሩ በበቀለበት አቅጣጫ፣ ቆዳህን ሳትወጥር ተላጭ። የፀሐይ መከላከያውን አንተም ቀባ፤ እብጠቱ ጥሎት የሚሄደው ጥቁረት እንዳይሰነብት።

ጥያቄ፦ ማስካራዬ ዓመት ሆኖታል፤ ግን አላለቀም።

መልስ፦ ጣይው። ከተከፈተ ሦስት ወር በቂ ነው፤ ብሩሹ በገባና በወጣ ቁጥር ጀርም ይዞ ይገባል። የሜይቤሊን ግሬት ላሽን የምወደው አንዱም ለዚህ ነው፤ ሲጣል አያሳዝንም። ዓይንሽ ከቀላና ከታመመ ደግሞ ወሩን ሳትቆጥሪ ጣይው።

ጥያቄ፦ ተኝቼ አርፍጄ ሁለት ደቂቃ ብቻ ቢቀረኝስ?

መልስ፦ የፀሐይ መከላከያ፣ ቅንድብ፣ ከንፈር። ቅንድብ የተበጠረለት ፊት የተኛበትን ሰዓት አያስታውቅም። ከንፈርሽ ከደረቀ ቀለሙን ትተሽ ቫዝሊን ተቀቢ።

ጥያቄ፦ ማታ ደክሞኝ በእርጥብ የፊት መጥረጊያ ብቻ ጠርጌ እተኛለሁ። ይጎዳል?

መልስ፦ ከነሜካፑ ከመተኛት ይሻላል፤ ነገር ግን መጥረጊያው ቆሻሻውን ከቦታ ቦታ ያዘዋውራል እንጂ ሁሉንም አይወስድም፤ ማሻሸቱም የዓይን አካባቢን ያስቆጣል። ስንፍናሽን አውቀሽ መላ ፍጠሪ፤ ማታ ሳይሆን ከውጭ እንደገባሽ ታጠቢ። በመጀመሪያ በደረቅ ፊት ላይ ቅባታማ ማጽጃ አሺ፤ ማስካራውንም የፀሐይ መከላከያውንም ያላቅቃል። ቀጥሎ በለስላሳ መታጠቢያ፤ እኔ ሴታፊል እጠቀማለሁ። የገላ ሳሙና ለፊት አይሁን፤ ቆዳችን ትንሽ አሲዳማ ሲሆን ሳሙናው ግን በአሲድ መለኪያው (ፒኤች) 9 እና 10 ስለሚደርስ፣ ማለትም የአሲድ ተቃራኒ ስለሆነ፣ ያደርቃል። ክሬም ቀብተሽ እራትሽን ብዪ፤ ሶፋው ላይ እንቅልፍ ቢጥልሽ እንኳ ፊትሽ ታጥቧል።