ስም የበዛበት የሞለኪውል ምስል፦ ለወጣት ተመራማሪዎች

ውድ ወጣት ባልደረቦቼ፣

ዛሬ የምጽፍላችሁ በፕሮቲን ምስሎቻችሁ ላይ ስለምታሰፍሯቸው ጥቃቅን ስሞች፣ በተለምዶ ሌብል ስለምንላቸው ነው። ጉዳዩ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን የብዙ ወራት ልፋት ለአንባቢ ሳይደርስ ሲቀር ያየሁት አብዛኛውን ጊዜ በእነርሱ ምክንያት ነው።

በጀማሪነቴ፣ ፕሮቲዬዝ የሚባለው የኤችአይቪ ኢንዛይም ኢንዲናቪር ከተባለው መድኃኒት ጋር ተጣምሮ የሚታይበትን፣ የፕሮቲን አወቃቀሮች በሚከማቹበት በፕሮቲን ዳታ ባንክ 1ኤችኤስጂ ተብሎ የተመዘገበውን አወቃቀር ፓይሞል በተባለው የሞለኪውል ምስል መሥሪያ ሶፍትዌር ከፍቼ፣ ከመድኃኒቱ በ5 አንግስትሮም (አንዱ የሜትር አሥር ቢሊዮንኛ ነው) ርቀት ውስጥ ለሚገኝ አሚኖ አሲድ ሁሉ ስም አወጣሁ። ከሃያ የሚበልጡ ስሞች ተደራርበው መድኃኒቱን ራሱን ሸፈኑት። እኔ ግን ምንም ያልጎደለው ሥራ መስሎኝ ነበር። ምስሉን ያሳየሁት አንድ አንጋፋ ባልደረባዬ «ምን እንዲናገርልህ ነው የፈለግኸው?» ሲለኝ የምመልሰው አጣሁ።

ከዚያ ወዲህ ሶፍትዌሩን ከመክፈቴ በፊት ምስሉ የሚያስረዳውን አንድ ዓረፍተ ነገር በወረቀት እጽፋለሁ። ዓረፍተ ነገሩ መድኃኒቱ እንዴት እንደተያዘ የሚናገር ከሆነ፣ ስም የሚገባቸው በንቁው ስፍራ ያሉት ሁለቱ አስፓርቲክ አሲድ 25 (ቁጥሩ አሚኖ አሲዱ በሰንሰለቱ ውስጥ ያለውን ተራ ያሳያል)፣ እንደ ክዳን በሚከደኑት ክንፎች ጫፍ ያሉት ሁለቱ አይሶሉሲን 50፣ እንዲሁም በክንፎቹና በመድኃኒቱ መካከል በሃይድሮጅን ትስስር ድልድይ የሆነችው አንዲት የውሃ ሞለኪውል ናቸው። ቫይረሱ መድኃኒቱን ስለመላመዱ የሚናገር ከሆነ ግን ቫሊን 82 እና አይሶሉሲን 84 ይሰየማሉ፤ የውሃዋ ስም ይወገዳል። ሁለቱንም መናገር ካስፈለጋችሁ ሁለት ምስል ሥሩ።

ስሞችን መቀነስ ማለት ግን አስፈላጊውን መጣል አይደለም። ይህ ፕሮቲን እያንዳንዳቸው 99 አሚኖ አሲድ ካላቸው ሁለት ተመሳሳይ ሰንሰለቶች የተሠራ ስለሆነ፣ 25 ቁጥር በውስጡ ሁለት ጊዜ ይገኛል። እኔ ሰንሰለቶቹ የሚለዩበትን ፊደል (ኤ ወይም ቢ) ትቼ አንዱን ብቻ በሰየምሁበት ምስል ምክንያት፣ አንድ ተማሪ ኢንዛይሙ በአንድ አስፓርቲክ አሲድ ብቻ የሚሠራ መስሎት ነበር፤ ጥፋቱም የእኔ እንጂ የእርሱ አልነበረም። በአንጻሩ ፕሮቲኑ ባለ አንድ ሰንሰለት ሲሆን ያው ፊደል በየስሙ ቢደጋገም ቦታ ከመያዝ በቀር ጥቅም የለውም።

ስም ከማስፈራችሁ አስቀድሞ ምስሉ የሚታይበትን አቅጣጫ ወስናችሁ አስቀምጡ፤ ሞለኪውሉን ጥቂት ባዞራችሁት ቁጥር ተራርቀው የነበሩ ስሞች ይጋጫሉና። ለእያንዳንዱ አሚኖ አሲድም አንድ አቶም ብቻ ምረጡ። አስፓርቲክ አሲድ ሃይድሮጅኖቹ ሳይቆጠሩ 8 አቶሞች ስላሉት፣ ስም የመጻፊያውን ትዕዛዝ ለሁሉም ብትሰጡ አንዱ ስም ስምንት ጊዜ ይጻፋል። አልፋ ካርቦኑ (የአሚኖ አሲዱ ማዕከላዊ ካርቦን) ላይ የተቀመጠ ስም ብዙ ጊዜ የሰንሰለቱን አካሄድ ከሚያሳየው ሪባን ጋር ይደባለቃል፤ በጎን ሰንሰለቱ ጫፍ ባለው አቶም ላይ ሲሆን ግን ወደ ባዶው ቦታ የመውጣት ዕድል አለው፤ የቀረውን በማውዝ እየጎተታችሁ ታስተካክላላችሁ። ኦክስጅን በልማድ ቀይ፣ ናይትሮጅንም ሰማያዊ ስለሚቀቡ፣ ለስሞቹ እነዚህን ቀለማት አትምረጡ።

በስክሪን ላይ ጎልቶ የታየ ፊደል፣ ምስሉ ጠቦ 8 ወይም 9 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው የጆርናል ዓምድ ሲገባ ላይነበብ ይችላል። በዚያው ስፋት አትማችሁ ወረቀቱን በክንዳችሁ ርቀት ይዛችሁ አንብቡት።

ስለ ርቀት ቁጥሮችም አንድ ነገር ልጨምር። ፓይሞል በሁለት አቶሞች መካከል ስትለኩ ቁጥሩን በተቆራረጠው መስመር መሃል ራሱ ይጽፈዋል፤ አምስት ትስስር ከለካችሁ አምስት ቁጥር ከስሞቹ ጋር ይሻማል። መስመሮቹን ትታችሁ ቁጥሮቹን ደብቁ፤ ርቀቶቹን ከምስሉ ሥር ባለው ማብራሪያ አስፍሯቸው። ያም ሲሆን ከነጥብ በኋላ አንድ አሃዝ ይበቃል፤ በ2 አንግስትሮም የጥራት ደረጃ (ሪዞሉሽን) የተገኘ አወቃቀር ከዚያ በላይ የሚያስተማምን አይደለምና።