ባልሽ ጣፋጭ ባይወድም የሚያልቅ የጣፋጭ ትሪ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። ለፍቅረኞች ቀን ውጪ ወጥታችሁ ወንበር ከምትጠብቁ፣ ቤት ውስጥ ለባለቤትሽ የጣፋጭ ትሪ ልታዘጋጂለት አስበሻል። ኢንተርኔት ላይ የምታዪው ትልልቅ ጣውላ ግን አስፈርቶሻል። ማካሮኑ (የፈረንሳዮቹ የለውዝ ብስኩት)፣ ራስቤሪው፣ ልብ የሚመስለው ብስኩት ሁሉ እኛ አገር ከየት ይመጣል ብለሻል። መጨረሻ ላይ ደግሞ «ባሌ ጣፋጭ ብዙም አይወድም፣ ልተወው ይሆን?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔ በየዓመቱ በዚህ ሰሞን ቤቴ ሆኜ የትሪ ትዕዛዝ እቀበላለሁ። ስለዚህ ትንሽ ብረዝም ታገሺኝ።

ከመጨረሻው ልጀምር። ኧረ አትተዪው! ጣፋጭ የማይወድ ሰው ያለበት ቤት ጥሩ ትሪ ይወጣዋል። ብዙዎቻችን ያደግነው ከምግብ በኋላ ኬክ እየበላን አይደለም። ከቡና ጋር ፈንድሻ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ነው የለመድነው። ሙሉ ትሪ ስኳር ብታቀርቢለት ሁለቴ ቀምሶ «በቃኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ይልሻል። እኔ ትሪውን ለሁለት ነው የምከፍለው። ግማሹ ጣፋጭ ነው። ግማሹ ጨው ያለው፣ ኮምጠጥ የሚልና ጥርስ ላይ የሚንኮሻኮሽ ይሆናል። ሰውየው ቸኮሌት ይበላል፤ አፉ ሲጣፍጥበት እጁ ወደ ኦቾሎኒው ይሄዳል፤ ከዚያ ወደ መንደሪኑ፤ ከዚያ ሳያስበው ተመልሶ ቸኮሌቱ ጋ ይመጣል። ትሪ የሚያልቀው እንዲህ ነው። ስኳር በስኳር ላይ ሲደረደር ለፎቶ ያምራል፣ ግን ተርፎ ያድራል።

ሁለተኛ፣ መጠኑን ቀንሺ። ፎቶ ላይ የምታዪው ጣውላ ለድግስ ነው። ለሁለት ሰው ስኒ የምታቀርቢባት ትሪ ትበቃለች። ትንሽ ትሪ ስትሞላ የጥጋብ መልክ ይኖራታል። ትልቁን ለመሙላት ግን የማያስፈልግሽን ነገር ትገዣለሽ። የእንጨት መክተፊያ ካማረሽ ሽንኩርት ያልተከተፈበት ይሁን፤ ቸኮሌት ሽታ ቶሎ ይስባል። እኔ የምወደው ትሪው ላይ የኮባ ቅጠል ማንጠፍ ነው። ዳቦ ለመድፋት የሚሸጠው ያው ኮባ። በደንብ አጥበሽ፣ አድርቀሽ፣ በትሪው ልክ ቁረጪው። ቀዩ እንጆሪና ጥቁሩ ቸኮሌት አረንጓዴው ላይ ሲያርፉ ሌላ ማስዋቢያ አያስፈልግሽም።

ማስዋቢያ ካልኩ አይቀር፣ የጽጌረዳ ቅጠል ምግቡ ላይ አትበትኚ። በየመንገዱ የምንገዛው አበባ ለዓይን የበቀለ ነው፤ እርሻው ላይ ፀረ ተባይ ይረጫል። አበባው የአበባ ማስቀመጫ ውስጥ ሆኖ አጠገቡ ይቀመጥ። የሚበላ ነገር ላይ ግን አይነካካ።

ምንም ነገር ከመግዛትሽ በፊት ቀኑን እዪ። የጾም ነገር ነው የምልሽ። የፍቅረኞች ቀን (በአብዛኛው የካቲት 7) ረቡዕ ወይም ዓርብ ላይ ከዋለ፣ ሁለታችሁም የምትጾሙ ከሆነ፣ ክሬምና ቅቤ ያለው ነገር ሁሉ ከዝርዝሩ ይወጣል። በ2017 ዓርብ ላይ ነበር የዋለው፤ ብዙ ሰው ኬክ አዝዞ ነው ቀኑን ያስታወሰው። አንዳንድ ዓመት ደግሞ ጭራሽ ሁዳዴ ቀድሞ ይገባል፤ በ2010 እንደዚያ ነበር። ቀኑ የፍስክ ቢሆን እንኳ እኔ ትሪዬን በአብዛኛው በጾም ነገር ነው የምሠራው። ቸኮሌቱን ብቻ ጥቁሩን ምረጪ፤ ሽፋኑን ገልብጠሽ ወተት ወይም የወተት ዱቄት እንደሌለበት አንብቢ።

እግረ መንገድሽን ሌላም ነገር አንብቢ። «የካካዎ ቅቤ» (ከካካዎ ፍሬ የሚወጣ ስብ ነው እንጂ የላም ቅቤ አይደለም) የሚል ካለበት እውነተኛ ቸኮሌት ነው። በሱ ፋንታ «የአትክልት ስብ» ወይም የፓልም ዘይት ካለበት ደግሞ የኬክ ቤት ማልበሻ ቸኮሌት ነው። ሁለተኛው ርካሽ ነው፤ ቀልጦ በቀላሉ ይደርቃል፣ ግን አፍ ላይ እንደ ሻማ ይቀራል። ገንዘብ የምታወጪበት አንድ ነገር ቢኖር ጥሩ ጥቁር ቸኮሌት ነው። ሌላው ሁሉ ከሰፈር ይገኛል።

አሁን ወደ ሥራው። እንጆሪ በየካቲት አዲስ አበባ ላይ አይቸግርም። ትናንሾቹንና ጠንከር ያሉትን ምረጪ። አረንጓዴ ቆቧን ሳትነቅዪ እጠቢያት፤ ከነቀልሻት ውሃ ወደ ውስጥ ይገባል። ኮምጣጤ ጠብ ባለበት ውሃ ጥቂት ዘፍዝፈሽ፣ በንጹሕ ውሃ አለቅልቀሽ፣ ጨርቅ ላይ ዘርግተሽ ተያት። ሙሉ በሙሉ ትድረቅ። እዚህ ላይ አትቸኩዪ፣ ምክንያቱም የቸኮሌት ጠላት ውሃ ነው። ጠብታ እንኳ ከገባበት ስኳሩና ካካዎው ረጥበው እርስ በርስ ይያያዙና ቸኮሌቱ እንደ አሸዋ ይጓጉላል።

ቸኮሌቱን ለማቅለጥ ድስት ውስጥ ሁለት ጣት የምታህል ውሃ አሙቂና እሳቱን ዝቅ አድርጊ። ከላይ ደረቅ ጎድጓዳ ሳህን አስቀምጪ፤ ታቹ ውሃውን አይንካ። ክዳን አትክደኚ፤ እንፋሎቱ ተመልሶ ይንጠባጠብበታል። ቸኮሌቱን በቢላ አድቅቀሽ፣ ከጠቅላላው ሲሶውን ለይተሽ አስቀምጪ። ሁለት ሦስተኛውን አቅልጪ፤ ሲቀልጥ ከእሳት አውርጂ፣ የሳህኑን ታች በጨርቅ ጥረጊ። ከዚያ ያስቀመጥሽውን ሲሶ ጨምረሽ ቀስ እያልሽ አማስዪ። ጥቁር ቸኮሌት ወደ 31 ወይም 32 ዲግሪ ሲወርድ ነው ለመንከር የሚመቸው። ቴርሞሜትር ከሌለሽ ጠብታ ወስደሽ ከታችኛው ከንፈርሽ ሥር አድርጊ። ቀዝቀዝ ካለሽ ደርሷል፤ ከሞቀሽ ገና ነው። ይህን ያደረግሽ እንደሆነ ሲደርቅ ያብረቀርቃል፣ ስትነክሺው ቀሽ ይላል። ዝም ብለሽ አቅልጠሽ ብትነክሪበት መብላቱ ይበላል፤ ግን ቶሎ አይደርቅም፣ ላዩ ላይም ነጭ መስመር ያወጣል። ይሄ ሁሉ ጣጣ የካካዎ ቅቤ ስላለው ነው፤ ማልበሻው ቸኮሌት አይፈልገውም።

እንጆሪዋን በቆቧ ይዘሽ ንከሪ፣ ትርፉ እስኪንጠባጠብ ጠብቂ፣ ዘይት የማያስተላልፍ የመጋገሪያ ወረቀት ላይ አስተኚ። ቀኑን ነው የሚሠራው። ካደረች ውሃ ታወጣለች፣ ቸኮሌቱም ይንሸራተታል። ፍሪጅ ውስጥ ብዙ ካቆየሻትም ስታወጫት ላብ ታወጣለች። የአዲስ አበባ የየካቲት አየር ቀዝቃዛ ነው፤ ከፀሐይ ገለል ያለ ጠረጴዛ ላይ ትደርቃለች። መብራት ቢሄድም አትጨነቂ ማለት ነው፤ ሻማውስ ለዚያ ማታ ተገዝቶ የለ!

ለባልሽ የምመክርሽ ግን ቆሎው ነው። ከተረፈሽ ቅልጥ ቸኮሌት ላይ የገብስ ቆሎና የተቆላ ኦቾሎኒ ጨምሪ፣ አዋህጂ፣ በሻይ ማንኪያ እየጨለፍሽ ወረቀቱ ላይ ጠብ ጠብ አድርጊ። ሳይደርቅ ከላዩ ጨው በጣትሽ በትኚበት፤ በጣም ትንሽ። ጣፋጭ አልወድም የሚል ሰው ይህችን ሲያገኝ ዝም ብሎ ነው የሚበላው። ትሪ አዝዘው የሚወስዱ ወንዶች ሲመለሱ የሚጠይቁኝ እሷን ነው።

ፈንድሻም እንደዚያው። እንደወትሮው አፈንጂ፣ ያልፈነዳውን ፍሬ ለቅመሽ አውጪ። ጥርስ የሚሰበረው በሱ ነው፣ የፍቅረኞች ቀን ማታ ደግሞ የጥርስ ሐኪም አይገኝም። ትሪ ላይ ዘርግተሽ ቸኮሌቱን በሹካ ጫፍ እንደ ክር አንጠባጥቢበት።

አንድ ማጥቀሻ ይኑርሽ፣ በቡና ስኒ። 200 ግራም ጥቁር ቸኮሌት አድቅቀሽ፣ 100 ሚሊ ሊትር የፈላ ውሃ ጨምሪበት፤ ደቂቃ ተይውና ከመሐል እየጀመርሽ አማስዪ። «አሁን ውሃ ጠላት ነው አልሽኝ አይደል?» ትዪኝ ይሆናል። ጠብታ ውሃ ነው የሚያጓጉለው፤ በቂ ውሃ ካገኘ ይፈታል። ስለዚህ የመንከሪያው ቸኮሌትሽ ድንገት ቢጓጉልብሽ አትድፊው። ሙቅ ውሃ በማንኪያ በማንኪያ ጨምረሽ አማስዪና ማጥቀሻ አድርጊው። እዚህ ውስጥ የተፈጨ ኮረሪማ ቆንጠር አድርጊ። በሌላ ቅመም የማትለውጪው ነገር ነው፤ ከቡና ጋር ሲሆን ደግሞ አያድርስ! መጠኑ ለሁለት ሰው ይበዛል ካልሽ ግማሹን ሥሪ።

የሰሊጥና የማር ደረቅ ጣፋጭ ከወደድሽ በዋዜማው ይሠራል። አንድ ስኒ ሰሊጥ ገና ቀላ ሲል ከምጣድ አውጪ። ግማሽ ስኒ ማር በዝግታ አፍልተሽ አንድ ጠብታ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ጣዪ። ውሃው ውስጥ ከተሰበረ ደርሷል፤ ከለጠጠ ገና ነው። ኢንተርኔት ላይ ያለውን ዲግሪ ግን አትከተዪ። እነሱ የሚጽፉት ባሕር ወለል ላይ ሆነው ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ካራሜል 118 ዲግሪ ይድረስ ካሉሽ አንቺ 110 ላይ አውርጂው፤ 118ን ከጠበቅሽ ከረሜላ ትሰብሪያለሽ። ቀዝቃዛው ውሃ ግን የትም ቦታ አይዋሽም። ሰሊጡን ማሩ ውስጥ አዋህደሽ፣ ዘይት በተቀባ ትሪ ላይ ዳምጠሽ፣ ሳይቀዘቅዝ ቁረጪው።

ለኮምጣጣው መንደሪን ይበቃል። አንድ አንዷን ፈልቅቀሽ፣ ነጩን ክር አጽድተሽ አስቀምጪ፤ ግማሽ ጎኗን ቸኮሌት ብታስነክሪያትም ታምራለች። ወይን ካገኘሽ ከነዘለላው። ሙዝ ወይም ፖም ካስገባሽ ሎሚ ቀቢው፣ ካልሆነ ይጠቁራል። ፍስክ ከሆነ ውሃው በደንብ የጠለለ አይብ ላይ ማር አፍስሰሽ በትንሽ ሳህን አስገቢ፤ ጨው ያለው ፎርማጆም ከወይን ጋር ይሄዳል። ማካሮኑን እርሺው። እንግዳ ነገር ካማረሽ ከመርካቶ ሀላዋ ወይም ሙሽበክ ግዢ፣ በጥቂቱ፤ እነሱ በጣም ጣፋጭ ናቸው።

ስትደረድሪ መጀመሪያ ስኒውንና ሳህኑን አስቀምጪ። ቀጥሎ እንጆሪውን፣ ከዚያ ቆሎውንና ሰሊጡን። ክፍተቱን በፈንድሻና በኦቾሎኒ ሙዪው። አንድ ዓይነት ነገር አንድ ቦታ ብቻ አትከምሪ፤ ቸኮሌቱ በሁለቱም በኩል ይኑር፣ ካልሆነ አንዳችሁ ስትዘረጉ ነው የምታመሹት። ፍራፍሬ የሚቆረጠው መጨረሻ፣ እሱ በር ላይ ሲደርስ።

መጠጡን ጠይቀሽ አላነሳሁትም። ከሁሉ የሚሻለው ቡና ነው፣ ያለ ስኳር። ትሪው ራሱ ስኳሩ ነው። ይርጋጨፌ ኮምጠጥ፣ አበባ አበባ ስለሚል ከእንጆሪ ጋር ይስማማል፤ የሐረር ቡና ደግሞ ከጥቁር ቸኮሌቱ ጋር ሌላ ነው። ወይን ከሆነ በጣም ድርቅ ያለውን ተዪ፤ ከጣፋጭ በኋላ ይመራል። ጠጅ ይሻላል። የማትጠጡ ከሆነ ብርዝ።

የሥራውን ቅደም ተከተል ለብቻው ጠይቀሽ ነበር። ማጥቀሻውና ሰሊጡ በዋዜማው ያልቃሉ። እንጆሪው፣ ቆሎውና ፈንድሻው ቀኑን ከሰዓት በኋላ። ያ ከሆነ ማታ ላይ ወጥ ቤት አትቆሚም፤ ቀሚስሽንም ቸኮሌት አይነካውም።

የሚተርፍ ካለ ቆሎውንና ሰሊጡን ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጪ፣ ለሳምንት ቡና ይሆናሉ። ማጥቀሻው ፍሪጅ ገብቶ ጠዋት ትኩስ ወተት ወይም ውሃ ሲጨመርበት የሚጠጣ ቸኮሌት ይወጣዋል። ፈንድሻውን ግን ማታውኑ ጨርሱት፣ ካደረ ይለሰልሳል።