የወንዙ ባንክና የገንዘቡ ባንክ

እንግሊዝኛው የወንዝ ዳርንም የገንዘብ ቤትንም ለምን «ባንክ» እንደሚል ጠይቀሃል። በተለያየ በር የገቡ ሁለት ቃላት ናቸው፤ ራቅ ብለህ ከሄድክ ግን ዘር ይጋራሉ።

የወንዙ ከስካንዲኔቪያ ሰዎች የመጣ ነው፤ ከፍ ያለ የአፈር ጠርዝ ማለት ነው። የገንዘቡ ዙሪያ ጥምጥም ሄዷል። ጣልያኖች «ባንካ» የሚሉት አግዳሚ ወንበር ወይም ጠረጴዛ ነበር። መንዛሪዎች ሳንቲማቸውን እዚያ ላይ ዘርግተው ስለሚሠሩ ስሙ ለሥራው ተረፈ። በ15ኛው ክፍለ ዘመን በፈረንሳይኛ በኩል እንግሊዝኛ ገባ። «ባንካ» ራሱ የስካንዲኔቪያዎቹም ካሉበት ከጀርመናዊ ቋንቋዎች ቤተሰብ የተወሰደ ነው፤ ዝምድናው እዚህ ጋ ነው። እንግሊዝኛው አግዳሚ ወንበርን የሚጠራበት «ቤንች»ም የአጎታቸው ልጅ ነው።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ። «ባንክራፕት» (የከሰረ) የሚለው እንግሊዝኛ ከጣልያንኛው «የተሰበረ ባንካ» መምጣቱ እውነት ነው። የከሳሪውን ጠረጴዛ በአደባባይ ይሰባብሩት ነበር የሚለውን ግን እንዳለ አትዋጠው። እንዳየሁት፣ እንዲህ ጣፍጠው የሚወሩ የቃል ታሪኮች ብዙ ጊዜ ኋላ የተቀጠሉ ናቸው።