ሌስተር ታይገርስ፦ በአራት የውድድር ዘመን አምስተኛው ዋና አሰልጣኝ (ጥያቄና መልስ)

ስክረም፦ ዛሬ ስለ እንግሊዙ የራግቢ ክለብ ሌስተር ታይገርስ የአሰልጣኝ ለውጥ ጠይቁ፣ የማውቀውን እመልሳለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ስቲቭ ቦርዝዊክ ቡድኑን በ2022 የእንግሊዝ ሊግ ሻምፒዮን አደረገና በዚያው ዓመት ዲሴምበር ወደ እንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን ሄደ። የጀመረውን የውድድር ዘመን ዊግልስወርዝ ጨረሰለት። ከዚያ ዳን ማኬላር አንድ ዓመት፣ ማይክል ቼካ አንድ ዓመት። ለ2025/26 ደግሞ ተረኛው ጄፍ ፓርሊንግ ነው። አንድ ማሳሰቢያ፦ የወዳጅነት ጨዋታ ውጤት ይዛችሁ አትምጡብኝ። ምንም አይነግራችሁም።

ጀማሪው፦ ጋሼ፣ ራግቢ ማለት ያ አሜሪካኖቹ ራስ ቁር አጥልቀው የሚጋጩበት ነው አይደል?

ስክረም፦ አይደለም። በራግቢ ኳስ በእጅ ወደ ፊት አይቀበልም፤ ወደ ጎን ወይም ወደ ኋላ ብቻ። ሜዳ ላይ 15፣ ተቀያሪ 8። የቀረውን እያየህ ትለምደዋለህ።

ቁጥር 9፦ ማኬላር ምን አጠፋ? ቼካስ ፍጻሜ ካደረሳቸው በኋላ ለምን ተባረረ?

ስክረም፦ ቼካ አልተባረረም። መሄዱ ከፍጻሜው አስቀድሞ የታወቀ ነበር። ሊጉን ሁለተኛ ሆኖ ጨርሶ በፍጻሜው በባዝ 23 ለ 21 ተሸነፈ። ማኬላር ደግሞ አሥር ቡድን ባለበት ሊግ ስምንተኛ ወጣ። ሌስተር ያንን አይታገስም።

ከሊድስ፦ ፓርሊንግ ዘግይቶ ነው የሚገባው አሉ። ዋና አሰልጣኝ ሳይኖር የቅድመ ውድድር ዝግጅት እንዴት ይሆናል?

ስክረም፦ እንዲህ ነው ጥያቄ። ፓርሊንግ የአውስትራሊያ ብሔራዊ ቡድን ረዳት አሰልጣኝ ነበር። አውስትራሊያ ከላየንስ (የብሪታንያና የአየርላንድ ጥምር ቡድን) ጋር ሦስተኛውን ግጥሚያ ሲድኒ ላይ ያደረገችው ኦገስት 2፣ 2025 ነው፤ ሊጉ የሚጀምረው ሴፕቴምበር መጨረሻ ላይ። ያለው ጊዜ ሰባት ሳምንት ገደማ ነው፣ ጉዞው ሳይቆጠር።

መዘግየቱ ብቻውን አያሳስብም። የዝግጅቱ የመጀመሪያ ሳምንታት ሩጫና ክብደት ናቸው፤ ያንን የአካል ብቃት ክፍሉ ያለ ማንም እርዳታ ይሠራዋል። የሚያሳስበው ቃላቱ ነው። እያንዳንዱ አሰልጣኝ የራሱ መዝገበ ቃላት አለው። ክለቡ ውስጥ የቀሩት ረዳቶች ጁላይ ላይ የአምናውን ስም ያስተምራሉ፣ አዲሱ ኦገስት ላይ የራሱን ይዞ ይመጣል። ከዚያ በ75ኛው ደቂቃ፣ ትንፋሽ ባለቀበት ሰዓት፣ ፍላይ ሃፉ (ጨዋታ የሚመራው ቁጥር 10) "ብሉ!" ብሎ ይጮኻል። አንዱ ፕሮፕ (የፊት መስመር ገፊ) አምና ብሉ ማለት ወደ ክፍቱ ሜዳ ስለነበር ወደዚያ ይሮጣል፣ ሌላው ዘንድሮ የተማረውን ይዞ ወደ ጠባቡ ይሄዳል። ኳሱ ማንም የሌለበት ቦታ ላይ ይወድቃል። ተመልካች "ፕሮፑ ተኝቷል" ይላል። አልተኛም፣ ሁለት ቋንቋ እየሰማ ነው።

ስለዚህ ከሩቅም ቢሆን መጀመሪያ የሚላከው የቃላት ዝርዝር ነው። ቀጥሎ የማጥቃት አሰላለፍ ይወሰናል። በ1-3-3-1 ስምንቱ የፊት ተጫዋቾች አንድ አንድ በየጠርዙ፣ ሦስት ሦስት ደግሞ መሐል ይቆማሉ። በ2-4-2 ጠርዙ ይከብድና መሐሉ አንድ ቡድን ብቻ ይኖረዋል። የትኛው እንደሆነ ሳይታወቅ ማን ክብደት ይጨምር፣ ማን ፍጥነት ይሥራ የሚለውም አይታወቅም፤ ጠርዝ ላይ የሚቆም ሎክ (ረጅሙ የፊት ተጫዋች) እና መሐል የሚገጭ ሎክ አንድ ዓይነት ልምምድ አይሠሩም።

በዚህ ላይ የሄዱትን ቁጠሩ። ሁከሩ (ቁጥር 2) እና አምበሉ ሞንቶያ የለም። ፍላይ ሃፉ ፖላርድ ወደ ደቡብ አፍሪካ ተመልሷል። ቁጥር 9 ቤን ያንግስና ፕሮፑ ዳን ኮል ጫማ ሰቅለዋል። ቁጥር 2፣ ቁጥር 10 እና ከቁጥር 9 የልምዱ ግማሽ ባንድ ክረምት ወጡ ማለት ነው።

ጉልበተኛው፦ ታዲያ ልምምዱን እጥፍ ማድረግ ነው! በደንብ ይጋጩ።

ስክረም፦ አይቻልም። የዓለም ራግቢ በ2021 ባወጣው መመሪያ በውድድር ወቅት ሙሉ ግጭት ያለበት ልምምድ በሳምንት 15 ደቂቃ ነው፤ ሰኞና ዓርብ ጭራሹን የለም። ቁጥጥር ያለበት ግጭት 40፣ ስክረም (ተያይዞ መገፋፋት)፣ ላይንአውት (ከጎን መስመር ውርወራ) እና ሞል (ኳስ የያዘውን ከበው መግፋት) በሙሉ ኃይል 30 ደቂቃ። ብልህ አሰልጣኝ 15ቱን ደቂቃ በሦስት በሦስት ይቆራርጣቸዋል። ያልገባው በአንዴ ይጨርሳቸውና ረቡዕ ላይ ታክል (ኳስ የያዘውን ይዞ መጣል) ማረም ሲፈልግ ደቂቃ ያጥረዋል።

ተስፋዬ፦ ጋሼ ባለፈው የወዳጅነት ጨዋታ እኮ...

ስክረም፦ የመጀመሪያውን አንቀጽ አንብብ።

ከለንደን፦ ፓርሊንግ ጎበዝ ነው?

ስክረም፦ "ጎበዝ" በምን? ጥያቄውን አስተካክለህ ተመለስ።

ከለንደን፦ እሺ፣ በላይንአውት።

ስክረም፦ አሁን ገባን። ፓርሊንግ ሎክ ነበር፤ ለሌስተር ከ2009 እስከ 2015 ተጫውቷል፣ በ2013 ከላየንስ ጋር ወደ አውስትራሊያ ሄዷል። ላይንአውት እንጀራው ነው፤ አውስትራሊያም የቀጠረችው ለዚሁ ነው።

ለማያውቁ፦ ኳስ ከጎን መስመር ሲወጣ ሁለቱ ቡድኖች በመካከላቸው አንድ ሜትር ትተው ይሰለፋሉ፣ ሁከሩ ቀጥ አድርጎ ይወረውራል። አንዱ ጥሪ አራት ነገር ይይዛል፦ ስንት ሰው ይቆማል፣ ኳሱ የሚሄደው ፊት፣ መሐል ወይስ ጫፍ ነው፣ ዘላዩ ከየት ተነሥቶ የት ይደርሳል፣ ከተያዘ በኋላ ሞል ነው ወይስ ወዲያው ማቀበል። አራቱም በአንድ ቃል ወይም በቁጥር ተደብቀው ይጠራሉ።

የሚበላሸው በአብዛኛው ውርወራው አይደለም፣ ሰዓቱ ነው። የፊቱ አንሺ ጭኑን ከጉልበት በላይ ይይዛል፣ የኋላው ከመቀመጫው ሥር ይገፋል። ኳሱ ከሁከሩ እጅ መውጣት ያለበት ዘላዩ ወደ ላይ ሲጀምር ነው፣ ከደረሰ በኋላ አይደለም። አዲስ ሁከር የዘላዩን አነሣስ ስላልለመደ ዘላዩ ከፍ ብሎ እስኪያየው ይጠብቃል። ያቺ ግማሽ ሰከንድ ለተቃራኒው ቡድን ዘላይ ትበቃዋለች። ስለዚህ ሞንቶያ በወጣበት ዓመት መጀመሪያ የሚሠራው ሁከሩ ከሁለት ዘላይ ጋር ብቻ፣ ያለ ተቃራኒ፣ በየቀኑ ልምምድ ሲያልቅ እግር ደክሞ እያለ መወርወር ነው። ትኩስ እግር ይዞ የሚወረውር ሁሉ ያምራል። ጥሪውን ደግሞ በስድስት ይጀምሩ፤ ሃያ ጥሪ ይዞ የገባ ቡድን አምስት ሜትር ላይ እርስ በርሱ ሲተያይ ይታያል። ያለፈው ዓመት ጥሪ ደግሞ የግድ ይጣላል፤ የሄዱት ተጫዋቾች ያውቁታል።

ባዛዊው፦ ይሄ ሁሉ ዝርዝር ምን ያደርጋል? ክለቡ አሰልጣኝ እንደ ሸሚዝ መቀየሩን ያቁም። ባዝን እዩ። አሰልጣኙ ቫን ግራን በ2022 ሲመጣ ከ13 ቡድን 13ኛ የነበረ ነው። መጀመሪያ ዓመት ስምንተኛ፣ ሁለተኛው ዓመት በፍጻሜ በኖርዛምፕተን ተሸነፈ፣ በሦስተኛው ዋንጫ። ስምንተኛ ሲወጣ ቢያባርሩትስ?

ቁጥር 9፦ ስምንተኛ የወጣው ከ13ኛ ተነሥቶ ነው። ማኬላር እኮ ከሻምፒዮንነት ሁለት ዓመት ሳይሞላ ነው ስምንተኛ ያደረገው።

ባዛዊው፦ ቦርዝዊክስ? በ2020 የተረከበው 11ኛ የወጣ ቡድን ነበር። በሁለት ዓመት ሻምፒዮን። ያውም የመጀመሪያዎቹን 15 ጨዋታ አሸንፎ። ጊዜ ስለተሰጠው ነው!

ጉልበተኛው፦ ኬንያስ? በ2016 ሲንጋፖር ላይ ፊጂን 30 ለ 7 ያሸነፈችው በአሰልጣኝ አዪምባ...

ስክረም፦ ያ ሰባት ለሰባት ነው፤ ሌላ ጨዋታ ነው። ባዛዊው ልክ ነህ፣ ግን ግማሹን ነው የተናገርከው። ቦርዝዊክ ጊዜ ብቻ አይደለም ያገኘው። መጀመሪያ የነካው ምት፣ ላይንአውትና መከላከል ነው፤ ማጥቃቱን ለኋላ አቆየው። የሚከስሩት አራቱንም ባንድ ክረምት የሚቀይሩ ናቸው።

ከሊድስ፦ መከላከል በፍጥነት አይቀየርም እንዴ?

ስክረም፦ ይቀየራል፣ ዋጋው ነው የሚከብደው። እንግሊዝ በ2024 ፊሊክስ ጆንስን ከደቡብ አፍሪካ አምጥታ የጠርዙ ተከላካይ ፈጥኖ ወደ ፊት የሚወጣበትን ስልት ጀመረች። ያ ሰው ብቻውን ፈጥኖ ወጥቶ ከውስጥ ያለው ካልተከተለው መሐል በር ይከፈታል። ስኮትላንድ ኤዲንብራ ላይ 30 ለ 21 ስታሸንፍ ቫን ደር መርቫ ብቻውን ሦስት ትራይ (ኳስን ከጎል መስመር ማዶ ማሳረፍ) አስቆጠረ። ጆንስም በዚያው ዓመት ኦገስት ሥራውን ለቀቀ።

ከዱባይ፦ የተጫዋቾች ደመወዝ ጣሪያ ስንት ነው? የአሰልጣኙስ ይገባል?

ስክረም፦ በ2025/26 መነሻው 6.4 ሚሊዮን ፓውንድ። የአሰልጣኝ ደመወዝ አይገባበትም።

ጀማሪው፦ ዋንጫውን ማን ይወስዳል?

ስክረም፦ ቀጣይ።

ከለንደን፦ የመጀመሪያዎቹን ጨዋታዎች ስናይ አዲሱ አሰልጣኝ እየሠራ መሆኑን በምን እናውቃለን?

ስክረም፦ ውጤቱን ለጊዜው ተወው። ወረቀት ያዝና ሦስት ነገር ጻፍ። በራሳቸው ውርወራ ስንቱን ላይንአውት እንዳሸነፉ፣ በተለይ ከባላጋራ ጎል መስመር አምስት ሜትር ላይ። ከራሳቸው ጎል መስመር እስከ 22 ሜትር ካለው ክልል ሲወጡ ሁሉም ምቱ ወደየት እንደሚሄድ አውቀው ይሮጣሉ ወይስ ቆመው ያያሉ። ሦስተኛው፣ ከ60ኛው ደቂቃ በኋላ የፊት መስመሩ ሲቀየር የሚሰጡት ቅጣት ይጨምራል ወይ። ተቀያሪዎቹ ጥሪውን ካልያዙት እዚያ ላይ ይጋለጣሉ።

ሰንጠረዡንም በጥንቃቄ አንብብ። ማሸነፍ 4 ነጥብ፣ አቻ 2፤ አራት ትራይና ከዚያ በላይ ያስቆጠረ አንድ፣ በ7 ነጥብ ወይም ባነሰ የተሸነፈ አንድ ይጨመርለታል። ሦስቱን ተሸንፎ ስድስት ነጥብ የያዘ ቡድን ሊኖር ይችላል። አራት ቡድን ለግማሽ ፍጻሜ በሚያልፍበት የ18 ጨዋታ ሊግ እነዚያ ስድስት ነጥቦች ሜይ ላይ ይፈለጋሉ።

ተስፋዬ፦ ጋሼ አንድ ብቻ፣ የወዳጅነቱ ጨዋታ ላይ ግን ላይንአውቱ...

ስክረም፦ ላይንአውቱን ቆጥረሃል? ስንት ወረወሩ፣ ስንት አገኙ?

ተስፋዬ፦ ውጤቱን ነው ያየሁት።

ስክረም፦ ደህና እደሩ።